ስለ ቪፒኤንና የሕዝብን ምሥጢር ለባዕድ ስለ ማስረከብ

በ2015 ዓ.ም. ምእመናን ጾመ ነነዌን ጥቁር ለብሰው በጸሎትና በልቅሶ በፈጸሙ ማግስት፣ የካቲት 2 ቀን፣ ፌስቡክና ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በኢትዮጵያ ምድር ተዘጉ። ጊዜው በቅዱስ ሲኖዶስና ከሲኖዶሱ ፈቃድ ውጭ ኤጲስ ቆጶሳትን በሾሙት አባቶች መካከል የተነሣው ክርክር እጅግ የጋለበት ጊዜ ነበር፤ ነገር ግን ክርክሩ በሳምንቱ፣ የካቲት 8 ቀን፣ በስምምነት ሲቋጭ እገዳው አብሮ አልተነሣም፤ ዐቢይ ጾም አልፎ፣ ትንሣኤ ተከብሮ፣ ክረምት ገብቶ፣ እስከ ሐምሌ ድረስ አምስት ወር ያህል ጸንቶ ቆየ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ማን እንደ ዘጋ፣ በየትኛው ሕግ እንደ ዘጋ፣ እስከ መቼም እንደሚዘጋ ለሕዝብ በግልጽ የተነገረ ቃል አልነበረም፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም መግለጫቸውን በዚያው በተዘጋው ፌስቡክ ላይ ማውጣታቸውን አላቋረጡም ነበርና፣ የገዛ መንግሥቱን ቃል ሊያነብ የወደደ ዜጋ እንኳ መንግሥቱ በዘጋው በር ዙሪያ ሌላ መግቢያ መፈለግ ግድ ሆነበት።

ያ ሌላ መግቢያ ቪፒኤን ነው። በ2009 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወራት ወጣቱ የተማረውን በ2015 እናቶችና አባቶችም ተማሩት፤ ተማሪ ለአስተማሪው፣ የልጅ ልጅ ለአያቱ፣ በዋሽንግተንና በፍራንክፈርት ያለ ወንድም በአዲስ አበባ ላለችው እኅቱ «ይኽኛው ይሠራል፣ ያኛው ግን ተይዟል» እያለ ሲመክር፣ ፕሮግራሙም በሼርኢትና በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ከረመ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ያደረገውን ሕዝብ መውቀስ አይደለም፤ ከዘመዱ ጋር መነጋገር፣ ከቤተ ክርስቲያኑና ከመስጊዱ፣ ከገበያውና ከትምህርት ቤቱ ወሬ መስማት የወደደ ሰው ምን በደል አለበት? ላሳይ የምወደው በሩን የዘጋው ባለሥልጣን አስቀድሞ ሊያስብበት ሲገባው ያላሰበበትን አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ተብሎ የተሰጠው ትእዛዝ፣ የአገሩን ሕዝብ ምሥጢር ስማቸውንና መኖሪያቸውን ለማናውቃቸው የባዕድ ኩባንያዎች ያስረከበ ትእዛዝ መሆኑን ነው።

ይህን ለማስተዋል አሠራሩን በጥቂቱ መመልከት ይበቃል። አንድ ሰው በስልኩ ፌስቡክን ሲከፍት ጥያቄው በመጀመሪያ የሚደርሰው ለአገልግሎት ሰጪው ድርጅት ነው፤ ይኸውም በአገራችን እስከ 2015 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሳፋሪኮም ጭምር ማለት ነው። ድርጅቱ የደብዳቤውን ውስጥ ባያነብ እንኳ የተላከበትን አድራሻ ያያል፤ አድራሻው ከተከለከሉት መዝገብ ውስጥ የተጻፈ እንደ ሆነ መንገዱን ይቆርጠዋል። ቪፒኤን ግን ያንኑ ደብዳቤ በሌላ ፖስታ ውስጥ አሽጎ፣ በላዩ የራሱን ሰርቨር አድራሻ ጽፎ ይልከዋል፤ በአምስተርዳም ወይም በሲንጋፖር ያለው ሰርቨር የላይኛውን ፖስታ ቀድዶ የውስጡን ለእውነተኛው ተቀባይ ያደርሳል፣ መልሱንም እንዲሁ አሽጎ ይመልሳል። በመካከል የቆመው የአገር ቤት ድርጅት የሚያየው፣ አንድ ደንበኛ ከአንድ የውጭ ሰርቨር ጋር ይህን ያህል ዳታ እንደ ተለዋወጠ ብቻ ነው። ነገሩ ሲፈጠር ለእንዲህ ያለ ሥራ አልታሰበም ነበር፤ በ1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በማይክሮሶፍት የተጀመረው ፒፒቲፒ የሚባለው ሥርዓት ዓላማው፣ የኩባንያ ሠራተኛ ከቤቱ ሆኖ ከመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ጋር ያለ ስጋት እንዲገናኝ ነበር። ዛሬም ባንኮች ቅርንጫፎቻቸውን፣ ኤምባሲዎችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ጽሕፈት ቤቶቻቸውን የሚያያይዙት በቪፒኤን ስለሆነ፣ አዲስ አበባን የመሰለች የአፍሪካ ኅብረት መንበር የሆነች ከተማ ቪፒኤንን ከነጭራሹ አጥፍታ ልትኖር አትችልም።

እንግዲህ ሥራው ሁሉ የቆመው በመካከለኛው መልእክተኛ ታማኝነት ላይ ነው። ቀድሞ ለቴሌ ይታይ የነበረው ነገር፣ ማለት ሰውየው የት የት እንደ ገባ፣ በስንት ሰዓት እንደ ገባ፣ ከየትኛው ስልክ እንደ ገባ፣ አሁን ከቴሌ ተሰውሮ ለቪፒኤኑ ባለቤት ግልጥ ይሆናል። ዋና ዋናዎቹ የመገናኛ ፕሮግራሞች የመልእክታቸውን ውስጥ ራሳቸው ስለሚመሠጥሩት የተጻፈውን ቃል ሁሉ ያነብባል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የአንድን ሰው ልማድ፣ ወዳጆቹን፣ ሕመሙንና ሃይማኖቱን ለማወቅ የሚገባባቸውን ቦታዎች ማየት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ይህ ባለቤት ማን ነው? ገንዘብ ከፍሎ የታወቀ ኩባንያ ለመምረጥ የውጭ ምንዛሬና ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ያስፈልጋልና፣ የአገራችን ሰው የሚያወርደው ነጻ የሆነውን ነው፤ በዓለም ላይ ሰርቨር ማቆም፣ ለኤሌክትሪክና ለመስመር መክፈል ግን ነጻ ሆኖ አያውቅም። በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአውስትራሊያው የሳይንስ ምርምር ድርጅት ሲኤስአይአርኦ ሊቃውንት ከዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው 283 የአንድሮይድ ቪፒኤን ፕሮግራሞችን በመረመሩ ጊዜ፣ ከመቶ 38ቱ የጎጂ ፕሮግራም ምልክት እንዳለባቸው፣ ከመቶ 75ቱ ተጠቃሚውን የሚከታተል የሌላ ወገን ኮድ በውስጣቸው እንደ ያዙ፣ ከመቶ 18ቱም ከነጭራሹ ምንም ምሥጠራ እንደማያደርጉ አገኙ። ይህ የመጨረሻው ቊጥር በተለይ ያሳዝናል፤ ታሽጓል ተብሎ የተላከው ደብዳቤ ገላጣውን ሄዷልና።

ሌሎችም ምስክሮች አሉ። ሆላ የተባለው ነጻ ቪፒኤን የተጠቃሚዎቹን መስመር ለሌሎች ደንበኞች መተላለፊያ አድርጎ ይሸጥ እንደ ነበረ በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በይፋ ታወቀ፤ ይኸውም በእርስዎ ስልክና በእርስዎ አድራሻ ሌላ የማያውቁት ሰው የወደደውን ሊያደርግ ይችል ነበር ማለት ነው። ፌስቡክ በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የገዛው ኦናቮ የሚባለው ቪፒኤን ደግሞ ጠባቂ ነኝ እያለ፣ ሰዎች በስልካቸው ላይ የትኞቹን ሌሎች ፕሮግራሞች እንደሚጠቀሙ ለባለቤቱ ያቀርብ ነበር፤ አፕል በ2018 ከመደብሩ እንዲወጣ ያደረገውም ስለዚህ ነው። እነዚህ የተያዙት ናቸው፤ በእገዳው ወራት በየሰፈሩ ከስልክ ወደ ስልክ የተላለፉትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ የመረመረ ማን አለ?

የቀደመውን ዘመን ሳንሱር ከዚህ ጋር ያነጻጸረ ሰው ልዩነቱን ያያል። በንጉሠ ነገሥቱም ሆነ በደርግ ዘመን ደራሲ ጽሑፉን ለመርማሪ ያቀርብ ነበር፤ መርማሪውም ወንበር ያለው፣ ማኅተም ያለው፣ በሥልጣኑ የሚታወቅ ሹም ነበር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ በተሰበሰበ ጊዜ ያመለጠው ቅጂ ከሰው ወደ ሰው በምሥጢር እየተላለፈ ተነበበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። ያ ጨካኝ ዘመን እንዲመለስ የሚወድ ኅሊና ያለው ሰው የለም፤ ያነሣሁትም ለማመስገን አይደለም። ነገር ግን ያን መጽሐፍ በካፖርቱ ሥር ሸሽጎ የተቀበለ አንባቢ ከማን እጅ እንደ ተቀበለ ያውቅ ነበር፤ ሰጪውም ተቀባዩም በአንድ አደራ የታሰሩ ወዳጆች ነበሩ። የዛሬው አንባቢ ግን የተከለከለውን ለማንበብ ሲል አደራውን የሚጥለው፣ ቢከዳው ከሶ ሊያቆመው በማይችል፣ በየትኛው አገር ሕግ እንደሚተዳደር እንኳ በማያውቀው ድርጅት ላይ ነው።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ዐዋጅ ቊጥር 34 ቅድመ ምርመራን ሻረ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ማናቸውንም ዓይነት ሳንሱር ከልክሎ፣ በአንቀጽ 26 ደግሞ ሰው በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት እንዳይደፈር ደነገገ። ይህ ቃል በተጻፈበት አገር ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የተቃዋሚዎችና በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ድረ ገጾች አንድ በአንድ ይዘጉ ጀመር። በ2004 ቶር የሚባለው የምሥጢር መገናኛ ታገደ። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ከወጣ በኋላ፣ ተማሪዎች እንዳይዘናጉ በሚል ምክንያት የማኅበራዊ መገናኛዎች ተዘጉ፤ በመስከረም 2009 መጨረሻ ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ መጣ። በሰኔ 2010 መንግሥት 264 ድረ ገጾችን መክፈቱን ባስታወቀ ጊዜ ብዙዎቻችን የምር ደስ ብሎን ነበር፤ ያን ቀን ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት የመብቶች ሁሉ መሠረት ነው የሚል ቃል ከመንግሥት ወገን ሲነገር መስማት ቀላል ነገር አልነበረም። ዓመት ሳይሞላ ግን በሰኔ 2011 ኢንተርኔት ለፈተና፣ ከጥቂት ቀንም በኋላ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ በደረሰው ግድያ ምክንያት ተቋረጠ፤ በሐምሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢንተርኔት ውሃም አየርም እንዳልሆነ ተናገሩ። ውሃና አየር አለመሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሰው ደብዳቤ ነው፣ ደብዳቤን ደግሞ ሕገ መንግሥቱ በስሙ ጠርቶ ጠብቆታል።

በዘጊውና በቪፒኤን መካከል ያለው ትግል እንዴት እንደሚካሄድ ለሚጠይቀኝ አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ዘጊው የሰርቨሮችን አድራሻ ለቅሞ ያግዳል፤ ይህ ባይበቃው የሚያልፈውን ዳታ ጠባይ የሚመረምር መሣሪያ ተክሎ፣ የውስጡን ማንበብ ባይችል እንኳ ከመልኩ ቪፒኤን መሆኑን ይለያል፤ የቪፒኤን ሠሪዎችም ዳታቸውን እንደ ተራ የድረ ገጽ ዳታ አስመስለው ይልኩታል። ቻይና በዚህ ጥበብ ከሁሉ ርቃ ሄዳለች፤ በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አፕል የቪፒኤን ፕሮግራሞችን ከቻይና መደብሩ ያወጣው በዚያ መንግሥት ጥያቄ ነው። ለእኛ አገር ነገሩ የሚያመጣው መዘዝ ግን ሌላ ነው፤ የታወቀውና ታማኙ ቪፒኤን አድራሻው ስለሚታወቅ መጀመሪያ ይታገዳል፣ ትናንት የተፈጠረውና ማንም የማያውቀው ግን ሳይታገድ ይሠራል፤ ስለዚህ እገዳው በጠነከረ መጠን ሕዝቡ ከታማኙ ወደማይታወቀው እየተገፋ ይሄዳል።

ቪፒኤን የሚረዳው በሩ በከፊል ለተዘጋበት ሰው ብቻ ነው። በጥቅምት 2013 በትግራይ ከጦርነቱ ጋር የተጀመረው መቋረጥ ግን ስልኩንም ኢንተርኔቱንም በአንድነት የቆረጠ ስለሆነ፣ መስመር በሌለበት የሚታሸግም የሚላክም ደብዳቤ የለምና፣ ጦርነቱን ካቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ አገልግሎቱ ቀስ በቀስ እስኪመለስ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል የትኛውም ፕሮግራም የትግራይን ሰው ሊረዳው አልቻለም፤ የወላጅን መርዶ ከወራት በኋላ የሰሙ ልጆች፣ የልጆቻቸውን በሕይወት መኖር ሳያውቁ የከረሙ ወላጆች በዚያ ዘመን ብዙ ነበሩ። በሐምሌ 2015 መጨረሻም፣ የማኅበራዊ መገናኛዎቹ እገዳ በተነሣ በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። የመዲናይቱ ሰው ቪፒኤን አብርቶ መንገዱን ሲያገኝ የክፍለ ሀገሩ ሰው ግን ከነድምፁ ይጠፋል፤ ይህም ልዩነት የአንድ አገር ልጆች ስለ አንድ ጦርነት ፈጽሞ የተለያየ ወሬ ይዘው እንዲኖሩ አድርጓቸዋል። ከቪፒኤን ጉዳትም ሁሉ የሚከፋው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዘጊውን ወገን ክርክር ግን ሳልሰማ ማለፍ አልሻም፤ ሐሰት አይደለምና። የጥላቻ ቃል በኢትዮጵያ ሰው አስገድሏል፤ የሰውን ስምና ፎቶግራፍ፣ የሚኖርበትን ሰፈር ጭምር እያወጡ ለነፍሰ ገዳይ አሳልፈው የሰጡ ጽሑፎች በፌስቡክ ላይ ወጥተዋል፤ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በናይሮቢ ፍርድ ቤት ሜታ የተከሰሰው እንዲህ ያለውን ነገር አባብሷል ተብሎ ነው። የመንግሥት የመጀመሪያ ግዴታ ነፍስን መጠበቅ መሆኑን የሚክድ ሰው ከእኔ ጋር አይሰማማም። ነገር ግን ለዚሁ ሲባል በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርና የሐሰት መረጃ ዐዋጅ ቊጥር 1185 ወጥቷል፤ ይህ ዐዋጅ የማኅበራዊ መገናኛ ድርጅቶች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጎጂውን ጽሑፍ እንዲያነሡ ያዛል። ዐዋጁ የራሱ ጉድለት ቢኖረውም ጽሑፉን ከጸሐፊው፣ ጸሐፊውን ከሕዝቡ ለይቶ የሚይዝ ነው። ጠቅላላ መዝጊያ ግን ማንን ያቆማል? ለግድያ የሚቀሰቅሰው ሰው ዓላማ አለው፣ ገንዘብ አለው፣ በውጭ አገር ተባባሪ አለው፤ ቪፒኤኑንም ከሁሉ ቀድሞ ያበራል። ቤቱ ተዘግቶበት የሚቀረው፣ ለቀስቃሹ መልስ ሊሰጥ የሚችለው ሽማግሌ፣ ሐሰቱን ሊያጋልጥ የሚችለው የአካባቢው አስተማሪ፣ «ያ የተባለው በእኛ ቀበሌ አልሆነም» ሊል የሚችለው ጎረቤት ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሐሰት ብቻውን አደባባዩን ይይዛል።

ከወገኖቻችን መካከል ከሁለት ወገን የተዘጋባቸውም አሉ። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ እኅቶቻችን በዚያ አገር ሕግ በዋትስአፕ በድምፅ መነጋገር አይችሉም፤ የተፈቀደውም ቦቲምን የመሰለ ልዩ ፈቃድ ያለው ፕሮግራም ነው። የዚያ አገር፣ በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ ቪፒኤንን ወንጀል ለመፈጸም ወይም ለመደበቅ የተጠቀመ ሰው በእስራትና ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም በሚደርስ መቀጫ፣ ወይም ከሁለቱ በአንዱ እንዲቀጣ ያዛል። ሕጉን በዐረብኛ ማንበብ የማትችል፣ የሕግ አማካሪም የሌላት አንዲት የቤት ሠራተኛ ለእናቷ ለመደወል ያወረደችው ፕሮግራም ከዚህ አንቀጽ ይገባ ወይም አይገባ እንደሆን ማን ይንገራት? ሳዑዲ ዐረቢያ እንኳ የኢንተርኔት ድምፅ ጥሪን በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፈቅዳለች። በዚያ ያለች ልጅ በድምፅ ስትከለከል፣ እዚህ ያለች እናት በቴሌግራም ስትከለከል በከረመችባቸው በእነዚያ አምስት ወራት፣ በሁለቱ መካከል የቆመው ያው ስሙ የማይታወቅ ነጻ ቪፒኤን ነበር። ሠራተኛ ለመላክ ከባሕረ ሰላጤው መንግሥታት ጋር የሚዋዋሉ ሹማምንት ስለ ደመወዝና ስለ ዕረፍት ቀን ሲደራደሩ፣ ወደ ቤት የመደወልንም ነገር በውሉ ውስጥ እንዲያስገቡ እለምናለሁ።

ምን ይደረግ ለሚል፣ እንግዳ ነገር መፈልሰፍ አያስፈልግም። የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በባንጁል ያወጣው መግለጫ መንግሥታት ኢንተርኔትን እንዳያቋርጡ፣ ምሥጠራንም በሕግ እንዳይከለክሉ ይናገራል። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር ፍርድ ቤት በዚያው አቆጣጠር በ2020 የቶጎ መንግሥት በ2017 ኢንተርኔት መዝጋቱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ካሣ እንዲከፍል ፈርዷል። ስለዚህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሊያወጣው የሚገባው ሕግ አጭርና ግልጽ ሊሆን ይችላል፦ ማናቸውም ገጽ የሚዘጋ በፍርድ ቤት የጽሑፍ ትእዛዝ ይሁን፤ ትእዛዙ የሚዘጋውን ገጽ በስሙ ይጥራ፣ የሚያበቃበትንም ቀን ይወስን፤ ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም የተቀበሉትን ትእዛዝ ሁሉ፣ ብዛቱንና ምክንያቱን፣ በየስድስት ወሩ ለሕዝብ ያሳውቁ፤ ስልክና ኢንተርኔት በአንድነት የሚቋረጥበት ትእዛዝ ግን ለማንም ባለሥልጣን አይፈቀድ።

ፍርድ ቤት ይዘገያል፣ እሳት ግን አይዘገይም የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለዚህም መልስ አለ፤ ነፍስ የሚያጠፋ ጽሑፍ በወጣበት ሰዓት ባለሥልጣኑ ያን አንድ ገጽ በራሱ ኃላፊነት፣ በፊርማው፣ ለ48 ሰዓት እንዲያግድ ይፈቀድለት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ዳኛ ፊት ቀርቦ ምክንያቱን ያስረዳ፤ ዳኛው ካልተቀበለው እገዳው በዚያው ሰዓት ይነሣ፤ ገጹ የተዘጋበትም ሰው ትእዛዙን የሰጠውን ሹም ስም አውቆ ይግባኝ የሚልበት መብት ይኑረው።